«አጥፊው» ያልናት እኅት

ባለፈው ወር በቤት ለቤት ኅብረታችን የጸሎት ርእስ ስንሰበስብ አንዲት እኅታችን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ «ስለ አንድ ጁስ መፍጫ ጸልዩልኝ» አለች። ሳቅን። እርሷ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው ጁስ መፍጫ አዘዘች። ዋጋው 6,500 ብር ነበር። ገንዘቡን በቴሌብር ላከች፤ ዕቃውንም ሞተረኛ እቤቷ ድረስ አመጣላት። በሦስተኛው ቀን አቮካዶ ስትፈጭ የተቃጠለ ነገር ሸተታት፤ ሞተሩም ቀጥ አለ። ለሻጩ ስትነግረው «ስትረከቢ አይተሽ ነው የወሰድሽው» አላት። ደግማ ጻፈች፤ መልስ የለም። በመጨረሻ ሴቶች ስለ ገዙት ዕቃ በሚመካከሩበት አንድ የፌስቡክ ግሩፕ ላይ ያጋጠማትን ከነፎቶው ለጠፈች።

ያን ዕለት ማታ ከማታውቃቸው ቁጥሮች 11 ጊዜ ተደወለላት። መጀመሪያ ልመና ነበር፦ «የጻፍሽውን አጥፊውና ብርሽን እልካለሁ።» «መጀመሪያ ብሩን ላክ» ስትለው ንግግሩ ተቀየረ፦ «ቤትሽን እናውቀዋለን፤ ዕቃውን ያመጣልሽ የእኛ ልጅ ነው።» በማግስቱ ከልጇ ጋር የተነሳችው የፕሮፋይል ፎቶዋ «ከዚህች አጭበርባሪ ተጠንቀቁ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በሰውየው ቻናል ላይ ወጣ። ጨርሶ የማያውቋት ሰዎች ይሰድቧት ጀመር። ልጇን ትምህርት ቤት ስታደርስ ከኋላዋ ሞተር በሰማች ቁጥር ትዞራለች።

እኛስ ምን አልናት? ልንደብቀው አንፈልግም። «ተይው እኅቴ፣ አጥፊውና ዕረፊ፤ ጌታ ይዋጋልሻል» አልናት። ዝምታ የክርስቲያን ምስክርነት ነው እያልንም ጥቅስ ደረደርንላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችንና «እሺ፣ እኔ ላጥፋው። ነገ ግን ሌላዋ ትገዛዋለች» አለች። ከዚያ ተነሥተን ጸለይን፤ ጸሎቱ ግን አፋችን ላይ ደረቀ።

ስንለያይ ያ ቃሏ ከእኛ ጋር ወደየቤታችን ሄደ። ለእርሷ ሰላም የመከርን መስሎን ነበር። ደግመን ስናስበው የመከርነው ለራሳችን ሰላም ነበር፤ ነገሩ ቶሎ አልቆ ወደ መዝሙራችን እንድንመለስ ነው የፈለግነው። በዘሌዋውያን 19 ሐሜትን የሚከለክለው ትእዛዝና ባልንጀራህን ገሥጽ የሚለው ትእዛዝ ጎን ለጎን የተጻፉ ናቸው። ዝቅ ብሎ በዚያው ምዕራፍ ስለ እውነተኛ ሚዛንና መስፈሪያ ይናገራል። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ሌሎቹን ለነጋዴና ለዳኛ የተውናቸው ይመስላል። በኤፌሶን ወይም በፊልጵስዩስ መልእክት ላይ ስንት ጊዜ አጥንተናል፤ ስለ ሚዛን አንድ ምሽት እንኳ ተቀምጠን እናውቃለን?

ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ከተማ ያደረገው ትዝ ይለን ይሆናል። ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ገዢዎቹ በስውር ሊሸኙት ሲሞክሩ አልሄደም፤ የሮም ዜግነቱን ጠቅሶ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። መጡም። ይህ በቀል አልነበረም፤ የወኅኒ ጠባቂውንማ ያዳነው ገና በዚያው ሌሊት ነው። ግን ደግሞ «ተዉት፣ ይለፍ» አላለም። በዚያች ከተማ ገና የተተከለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ትቀር ነበርና፣ ነገ እነርሱንም እንዲሁ እንዳይደበድቧቸው ያሰበ ይመስለናል።

በማግስቱ ወደ እኅታችን ቤት ሄድን፤ ይቅርታም ጠየቅናት። ከዚያ የጻፈችውን አብረን አነበብን። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ የእርሷም ጽሑፍ ንጹሕ አልነበረም። መጨረሻው ላይ «እነዚህ ሌቦች ናቸው፤ የሚሸጡት ሁሉ ፌክ ነው» ይላል። የሚሸጡትን ሁሉ አይታለች? አላየችም። ሰውየው ሆን ብሎ አታልሏት ይሁን ወይም እርሱ ራሱ ከመርካቶ አከፋፋይ ተሸውዶ እንደ ሆነ ታውቃለች? አታውቅም። ምሳሌ 20 ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ ዞር ሲል የሚመካውን ገዢ ይታዘበዋል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ነጋዴውን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በሐሰት አለመመስከር ማለት ያላየነውን አለመጨመርም ነው። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አወጣቻቸው። የቀረው፦ በዚህ ቀን ገዛሁ፣ ይህን ያህል ከፈልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተቃጠለ፣ እንዲቀየርልኝ ብጠይቅ አልተቀየረልኝም። ይህ ምስክርነት ነው፤ ማንም ቢጠይቃት የምትደግመው።

ሕጉም ቢሆን ይህንን ልዩነት ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተርና በስልክ መልእክት ሰውን ማስፈራራትን፣ እየደጋገሙ በመላክ ማስጨነቅንም በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ስም ማጥፋትም እዚያው ተጠቅሷል፤ ስለዚህ ለጻፈው ሰውም ጥንቃቄ ነው። ጉድለት ያለበትን ዕቃ በተመለከተ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኅታችን የጠየቀችው በሦስተኛው ቀን ነበር። ደረሰኝ ግን አልተቀበለችም፤ በእጇ ያለው የቴሌብር ማረጋገጫና የጽሑፍ ንግግራቸው ብቻ ነው።

ስለዚያ ንግግር አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን አናውቀውምና። በቴሌግራም የግል መልእክት ላይ የላከው ሰው የጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ማስፈራሪያው ዛሬ አለ፤ ነገ የለም። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት፣ ከማልቀሳችሁም በፊት፣ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሹት አንሡ፤ ለሌላ ሰውም ላኩት። የፕሮፋይል ፎቷችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ማን ማየት እንደሚችል ከሴቲንጉ ገብታችሁ ገድቡ። ዕቃ ስታዝዙም ሞተረኛውን ከቤታችሁ በር ይልቅ ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ ብትቀበሉት ይሻላል። እኅታችን ያላትን ሁሉ አትማ ሁለት ሽማግሌዎች ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ ቃሏንም ሰጠች።

በዚህ መሐል የወጣት ክፍላችን ልጆች ሰሙ። «ቻናሉን እናጥለቅልቀዋለን፤ በአንድ ቀን ሪፖርት አድርገን እንዘጋዋለን» አሉ። ደስ አለን፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለን። አንዱ ወንድማችን ባይከለክለን ኖሮ እንለቃቸው ነበር። «እርሱ በእርሷ ላይ ያደረገው እኮ ይኸው ነው፤ የማታውቁትን ሰው በጅምላ መስደብ» አለን። ልጆቹ አኮረፉ። አንዳንዶቻቸው አሁንም አልተዋጠላቸውም፤ እኛም አልፈን አልፈን ቢያደርጉት ኖሮ እንላለን።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነው። በሻጩ ፕሮፋይል ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያ ስናየው ለንግድ የለጠፈው መሰለን። አንድ ሽማግሌያችን ግን ማቴዎስ 18ን ይዞ ብቻውን ደወለለት። ሰውየው በከተማችን ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አባል ነው። ሲጀምር ጮኸ፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። ኮሮጆውን ከሰው ተበድሮ እንደሚሠራ፣ ያ ጽሑፍ ከወጣ ወዲህ ሦስት ሰው ትእዛዝ እንደሰረዘበት፣ የቤት ኪራይ እንዳለበት ተናገረ። ሽማግሌው አዘነለት፤ እኛም ስንሰማ አዘንን። «ግን ወንድሜ፣ የልጅቱ ፎቶ ምን አደረገህ?» ሲለው ዝም አለ።

በየቤተ ክርስቲያናችን በቴሌግራም ልብስ፣ ጫማ፣ ቅመም፣ የሕፃናት ዕቃ የምትሸጡ ብዙ ናችሁ። ብዙዎቻችሁ በታማኝነት ነው የምትሠሩት፤ ተፎካካሪ በሐሰት ስማችሁን ያጠፋባችሁም አላችሁ፤ ያ ግፍ ነው። ቢሆንም የደንበኛ ስልክና አድራሻ በእጃችሁ የገባው ዕቃ እንድታደርሱበት ነው። ቅሬታ ስትሰሙ ያንኑ አድራሻ ማስፈራሪያ ካደረጋችሁት አደራ በልታችኋል። በግልጥ የጻፈላችሁን ሰው በግልጥ መልሱለት፤ ጥፋቱ የእናንተ ካልሆነም እንዲሁ በግልጥ አስረዱ። ሳሙኤል ሸምግሎ በሕዝቡ ፊት ሲቆም የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ማንንስ ሸነገልሁ ብሎ ራሱ ነው የጠየቃቸው።

ከስልኩ በሦስተኛው ቀን ፎቶው ከቻናሉ ወረደ። ማስፈራሪያውም ቆሟል። ብሩ ግን ይህን እስከምንጽፍ አልተመለሰም፤ ሽማግሌው አሁንም ይደውላል፤ ሰውየው አንዳንዴ ያነሣል፤ አንዳንዴ አያነሣም። ጁስ መፍጫው እኅታችን ቤት ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጧል። እርሷም ጽሑፏን አላጠፋችም። ፎቶው በወረደ ማግስት ግን ከሥሩ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ሻጩ ፎቶዬን አንሥቷል፤ ከዚያ ወዲህም አላስቸገረኝም።»