የዶማና የአካፋ አንቀልባ



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ይዘን የቀረብነው በቤት ውስጥ ተሠርቶ በጀርባ የሚታዘል የመቆፈሪያ ዕቃዎች መያዣ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ዓምድ ያስፈልገዋል?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። እኛም ባለፈው ዓመት በአንድ የጁሙዓ ቀን የሆነውን እስክናይ ድረስ እንደዚያው ነበር የምናስበው።

የዚያን ቀን ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የሚቀበር ጀናዛ ነበር። የሰፈራችን ወጣቶች እንደ ልማዳቸው ቀብሩን ለመቆፈር ረፋዱ ላይ ቀድመው ወጡ። አንደኛው ሁለት አካፋና አንድ ዶማ በትከሻው አጋድሞ ሲሄድ ከኋላው ስሙን የሚጠራ ሰው ሰማና ዞር አለ። እርሱ ሲዞር አካፋውም አብሮት ዞረ። ከኋላው ይከተል የነበረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ስድስት ቦታ ተሰፋ። ዓይኑ ለጥቂት ተረፈ፤ አልሐምዱሊላህ። ልጁ በሳምንቱ ኳስ ሲጫወት አየነው። ወጣቱ ግን ከሐፍረቱ የተነሳ ለሁለት ወር ያህል ከቀብር ቀረ። በመስጊድ ሲያገኙን እንኳ ዓይናቸውን ከሚሰብሩ ሰዎች አንዱ ሆነ። ለመልካም ሥራ የወጣ ልጅ በአያያዝ ጉድለት እንዲህ ሲሆን ማየት ከባድ ነው።

ጉዳዩን ለአንድ ዑለማችን ስናነሳላቸው ያስታወሱን ነገር ቢኖር ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የአቡ ሙሳ አል አሽዐሪን (ረ.ዐ.) ሐዲስ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው የቀስቱን ስለት እንዲይዝ፣ በዚያም ሙስሊሞችን ከመጉዳት እንዲጠበቅ አዘዋል። ዛሬ በኬፊራም ሆነ በአሸዋ ገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ የለም። ዶማና አካፋ ይዞ የሚያልፍ ግን ሞልቷል። ስለቱን ሸፍኖ መሄድ እንግዲህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቀብር መቆፈር ፈርድ ኪፋያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጥቂቶች ከሠሩት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቅበታል። ሙያውም የተከበረ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በሞቱ ጊዜ መዲና ውስጥ ሁለት የታወቁ ቆፋሪዎች ነበሩ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) እንደ መካ ሰዎች መሐሉ የተሰነጠቀ ቀብር፣ አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ.) ደግሞ በቂብላ በኩል ጎኑ የተፈለፈለ ለሕድ ይቆፍሩ ነበር። ለሁለቱም መልእክተኛ ተላከ፤ ቀድሞ የተገኘው አቡ ጦልሓ ስለነበር ለሕድ ተቆፈረ። ሁለቱም ከታላላቅ ሶሐቦች መካከል ናቸው።

ይህን ያነሳነው ለዕቃችንም ስለሚጠቅመን ነው። ለሕድ ለመፈልፈል በጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ የሚዞር አጭር ዛቢያ ያለው ዶማ ያስፈልጋል፤ ረጅሙ ግድግዳውን ከመምታት በቀር አይሠራም። በአንጻሩ በወንዝ ዳር እንዳለው አሸዋማ መሬት ላይ ለሕድ ስለሚናድ መሐሉን መሰንጠቅ ይመረጣል፤ ለዚህ አካፋው ይበዛል። ስለዚህ መያዣው ሁለት አጭር አካፋና አንድ አጭር ዶማ እንዲይዝ ተደርጎ ይሠራል።

ከሁለት ወር በኋላ ያ ወጣት ከቱቦላሬ በየደ አንድ መያዣ ይዞልን መጣ። ብየዳው የሚያስመሰግን ነበር። ድሬዳዋ ሸማንደፈር በ1895 ዓ.ም. ከገባባት ጀምሮ ብረት የሚያውቁ እጆች አላጣችም። ዳሩ ግን ዕቃው ባዶውን እንኳ ይከብዳል፤ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ብረቱ ጀርባ ያቃጥላል። አንድ ቀን ብቻ ተይዞ ወጣና ተቀመጠ። ሁለተኛው ከእንጨት ተሠራ፤ የምንነግራችሁም የዚህን አሠራር ነው።

አውራ ጣት የሚያክል ውፍረት ያላቸው፣ ቀጥ ያሉና የደረቁ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች እያንዳንዳቸው 70 ሳንቲ ሜትር ሆነው ይቆረጣሉ። እነዚህ ቋሚዎች ናቸው። 32 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት አግዳሚዎች ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይገባሉ። በሚስማር አትምቱት። በከተማችን ሙቀት እንጨት እየደረቀ ስለሚሟሽሽ ሚስማሩ በሁለት ወር ውስጥ ይላላል። በመሰርሰሪያ በስታችሁ በቡሎንና በዳዶ እሰሩት፤ ሲላላ ማጥበቅ ይቻላል። የቡሎኑ ጫፍ በምንም ዓይነት ወደ ጀርባ በኩል መውጣት የለበትም።

ዋናው ነገር ከታች ያለው ኪስ ነው። የአካፋውና የዶማው ስለት ወደ ታች ሆኖ እዚህ ውስጥ ይቀመጣል። ጨርቅ አይሆንም፤ በሳምንት ይቀደዳል። ማዳበሪያ ደርበን ሞክረን ነበር፤ እርሱም አልቆየም። የሆነልን የአሮጌ መኪና ጎማ ነው። በረባሶ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሄዳችሁ ከትንሽ መኪና ጎማ ጎን ላይ እንዲቆርጡላችሁ ጠይቁ። በመሬት ላይ የሚሽከረከረው ክፍል ውስጡ ሽቦ ስላለው እጅ ይወጋል። የተቆረጠው ጎማ እንደ ኪስ ታጥፎ ጎንና ጎኑ በወፍራም ናይለን ክር ይሰፋል፤ ከዚያም በታችኛው አግዳሚ ላይ በቡሎን ይታሰራል። ግርጌው ላይ ሦስት ቀዳዳ ይበሳ፤ ያለበለዚያ እርጥብ አፈር ተጠራቅሞ ብረቱን ያዝገዋል።

ዶማው ሲገባ ስለቱ ከጀርባ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን ይተኛ እንጂ ወደ ኋላ አይቀሰር። ባለ ሁለት አፍ ዶማ ከሆነ ከኪሱ ስለሚተርፍ ብረቱን ከዛቢያው አውጥቶ ለብቻው ማስገባት ነው። እጀታዎቹ ወደ ላይ ቆመው በመሐለኛውና በላይኛው አግዳሚ ላይ በተቋጠረ የካላማዳሪ ቁራጭ ይጠበቃሉ። ካላማዳሪ ፀሐይ ሲበላው ስለሚሰነጣጠቅ በየዓመቱ መቀየር አለበት። ዲጂኖን ግን በዚህ መያዣ አትጫኑ። ከራስ በላይ ብዙ ስለሚወጣ በርና የባጃጅ ጣሪያ ይመታል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካገኘማ ሌላ ጀናዛ ያመጣል። ዲጂኖ በእጅ፣ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ለብቻው ይሄዳል።

ማሰሪያው ላይ እናቶቻችንን አማከርን። ልጅ በአንቀልባ ያሳደገች እናት ሸክም ከጀርባ ሲርቅ እንደሚከብድ ታውቃለች። አንዲት እናታችን የመጀመሪያውን አይተው «ይህ እኮ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ልጅ ቢሆን ያለቅስ ነበር» አሉን። በእርሳቸው ምክር ሁለቱን የትከሻ ማሰሪያዎች በላይኛው አግዳሚ መሐል ላይ፣ በመካከላቸው አንድ መዳፍ ብቻ ትተን አቀራርበን አሰርናቸው፤ ዳርና ዳር ሲታሰሩ ከትከሻ ይንሸራተታሉ። ከጋራዥ የተገኘ የአሮጌ መኪና ቀበቶ ለዚህ ተስማሚ ነው። ትከሻ ላይ በሚያርፈው ቦታ የብርድ ልብስ ቁራጭ ታጥፎ በስፌት መኪና ይሰፋበታል። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ደግሞ ሸራ ወጥሮ ማሰር ያስፈልጋል፤ እንጨቱ አከርካሪ አይነካም፣ ነፋስም ያልፋል። ደረት ላይ የሚታሰረው ገመድ በአንድ መጎተት የሚፈታ ይሁን። የወደቀ ሰው ከነሸክሙ መታሰር የለበትም።

ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማና 3 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ጭነን ሱቅ ሚዛን ላይ ስናወጣው 11 ኪሎ ሆነ። ውሃውን አትርሱት። ድሬዳዋ ነው ያለነው!

የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ይህን መያዣ ሲያዩ የሚያነሱት ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም.ን ነው። በዚያች ሌሊት ደቻቱ ከደቡብ ተራሮች ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ አላህ ይዘንላቸው። ቤት ከደለል ለማውጣትም ቀብር ለመቆፈርም አካፋና ዶማ የተፈለገበት ሳምንት ነበር። ጎርፉ ከሚነሳበት ከደንገጎ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ ውሃውን ለመግታት እርከን መሥራትና ችግኝ መትከል የሚጠይቀውም ይህንኑ ዕቃ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ ላይ የተሳተፋችሁ ወጣቶች ታውቁታላችሁ፤ በአንድ እጅ ችግኝ፣ በሌላው ዶማ ይዞ ዳገት ሲወጣ ሰው ሲንሸራተት የሚይዝበት እጅ የለውም። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ የኸንደቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ሶሐቦች አፈሩን በጀርባቸው ያመላልሱ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል።

ይህን ስንል ደቻቱ ሞልቶ ሳለ መያዣ አዝላችሁ ተሻገሩ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ጀናዛ ይቆይ።

የእኛ መያዣ አሁን በመስጊዱ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የወሰደው ሰው አጥቦ ከመግሪብ በፊት ይመልሳል። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ የዶማው ሽብልቅ ይታያል፤ ከላላ ዛቢያው ከብረቱ ጋር ለጥቂት ሰዓት ውሃ ውስጥ ይነከርና እንጨቱ አብጦ ይጠብቃል። ይህ ግን ለዚያ ቀን ብቻ የሚሆን ነው፤ ሲደርቅ ተመልሶ ስለሚላላ አዲስ ሽብልቅ መምታት ይሻላል።

ያ ወጣት ወደ ቀብር ተመልሷል፤ መያዣውን የሚያዝለውም አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። ቅንድቡ የተሰፋው ልጅ ባለፈው ሰሞን ባዶውን ልዘለው ብሎ ለምኖ አዘለው። ማሰሪያው ረዝሞበት ኪሱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ። ማሳጠሪያ ዘለበት የጨመርንበት ከዚያ በኋላ ነው።