«አርፈው ይቀመጡ» ሕክምና አይደለም

ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ያዛለው የዶርዜ ሸማኔ አርባ ምንጭ ታክሞ ደጋው ሲመለስ፣ ቤት የሚጠብቀው ቃል «አባባ፣ በቃ አርፈው ይቀመጡ» ነው። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ይጎዳል።

አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው ደጋግሞ በመሥራት ነው። ፊዚዮቴራፒስት ኳስ የሚያስጨብጠውም ለዚሁ ነው። ኳሱ ግን በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ሽመና መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ያመላልሳል፣ እግርን ጉድጓድ ውስጥ በየተራ ያስረግጣል፤ በዚያ ላይ ሰውየው ከልጅነቱ የሚወደው ነው።

አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ ሲሉት የታከመው እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። እዚያ ስፖርት የሕክምናው አካል ነበር፤ በዓመቱ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ጉዳቱ የአከርካሪ እንጂ የአንጎል አልነበረም፤ ይሁንና ለሯጩ የተገባ ለሸማኔው ለምን ይቀራል? ታማሚ ከሆስፒታል ሲወጣ የግፊት መድኃኒት ይታዘዝለታል። «ምን መሥራት ይወዳሉ?» ብሎ መጠየቅስ ስንት ብር ያስወጣል?

እርግጥ መጀመሪያ ግፊቱ ይረጋጋ፣ ሐኪሙም ይፍቀድ። ጉድጓዱ ሲገባና ሲወጣ የሚደግፈው ልጅ ይኑር። ለጅምሩ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጋቢው ቢንሻፈፍ ይንሻፈፍ፤ ለገበያ አልተሠራም።