«እንደ»ን ማግኘት ምሥጢርን ማግኘት አይደለም

በአማርኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የሚሠራበት አንድ ልማድ አለ። ተማሪው ምንባቡን ያነባል፤ «እንደ» የምትለውን ቃል ፈልጎ ከሥሯ ያሰምራል፤ «አነጻጻሪ ዘይቤ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ማርኩንም ይቀበላል። እኛ ግን ይህን ልማድ ንባብ ብለን ለመጥራት አንደፍርም።

በመጀመሪያ ነገር «እንደ» ሁሉ ዘይቤ አይደለም። «እንደ ደረሰ ተኛ» ያለ ሰው ጊዜን ተናገረ እንጂ አላነጻጸረም። «ልጁ እንደ አባቱ ገበሬ ነው» ያለም እውነቱን ነገረን እንጂ ምሳሌ አልመሰለም።

ሁለተኛም የዘይቤው ፍች የሚገኘው ከቃሉ ሳይሆን ሁለቱ ነገሮች ከሚገናኙበት ነጥብ ነው። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጅጋን እንውሰድ። በርበሬ በሚመረትበት በዚያ አገር ያደገ ልጅ «ዐይኑ እንደ በርበሬ ቀላ» ሲባል መልኩን፣ «ንግግሩ እንደ በርበሬ ያቃጥላል» ሲባል ደግሞ ባሕርዩን ለይቶ ያውቃል። በርበሬው አንድ ነው፤ ነጥቡ ግን ሁለት ነው። ታዲያ ለዚሁ ልጅ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ የተተረጐመ «እንደ በረዶ የነጣ» የሚል ምንባብ ብንሰጠውስ? በረዶ ለእርሱ አዝመራ የሚደበድብ የሰማይ ቍጣ ነው። «አስፈሪ ማለት ነው» ብሎ ቢመልስ፣ ስሕተት ብለን ከመሠረዛችን በፊት «ስለ ምን እንዲህ አልህ?» ብለን ልንጠይቀው ይገባል። ወደ ምንባቡ መልሰን ነገሩ ስለ መልክ መሆኑን ማሳየት የሚያምርብን ከዚያ በኋላ ነው።

«ተማሪው ብዙ፣ ጊዜው ጥቂት ነው» የሚሉን መምህራን አሉ። ችግሩን አንክድም። ነገር ግን ምን ከምን ተነጻጸረ? በምን ተመሳሰሉ? ደራሲውስ ስለ ምን ይህን መረጠ? ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። በዋሸራና በጎንጅ ስማቸው የታወቀው የጎጃም ቅኔ ቤቶችም «ሰምና ወርቅ ነው» ብሎ ዝም ያለውን ተማሪ ቅኔውን ፈታ አይሉትም።

የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆችም ልጁ በዐይኑ ካየው ጀምረው ወደማያውቀው ቢወስዱት፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲከፍት እንግዳ አይሆንም ነበር።

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዛሬው ተማሪ ነገ ዳኛ፣ ጸሓፊ፣ መምህር ይሆናል። አንድ ተናጋሪ ተነሥቶ «ሕዝብ እንደ መንጋ ነው» ቢለው «በምን ይመሳሰላሉ?» ብሎ መጠየቅ ካልተማረ፣ ከቃሉ ሥር አስምሮ ያጨበጭባል።