«ተያዥ አላት?»

ቡራዩ፣ አንዲት ዘመዴ ቤት ነው። እናትየውን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ከከዳቸው ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። ደላላው አንዲት ወጣት ይዞ መጣ። እሷ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ እኛ ሶፋው ላይ ተደርድረን ጥያቄ ጀመርን። ተያዥ አላት? አገሯ የት ነው? ከዚህ በፊት የት ሠራች፣ ለምንስ ወጣች? ስልክ ታበዛለች? እሑድ እሑድ ልውጣ ትላለች? ስንት ትጠይቃለች? ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ስንል ቆየን። ከመጋረጃው ጀርባ የተኙት እናት ስማቸው የተነሣው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ልጅቷ ለመሄድ ብድግ ስትል፣ «እግረ መንገድሽን እማማንም ታይልናለሽ» ተብሎ።

«የተያዥሽን መታወቂያ ኮፒ አምጪ» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ትችቱ ከኔ ይጀምራል።

ልጅቷ አልሰረቀችም። ስልክም አላበዛችም። ቤቱን መስታወት አስመስላ ያዘችው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ግን የእናትየው ዳሌ አጥንት ላይ ቁስል ተገኘ፤ ጣት የሚያስገባ። ሰው በአንድ ጎኑ ተኝቶ ሲውል በአጥንቱና በፍራሹ መካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም አጥሮት ይሞታል። ነርሶች በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ የሚሉት ለዚህ ነው። ልጅቷ ይህን አታውቅም ነበር፤ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃትም የለም። እኛም አናውቅም ነበር ብል ግማሽ እውነት ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ነግራናለች፤ ያን ጊዜ የእኛ ጆሮ የመድኃኒቱ ዋጋ ላይ ነበር።

እነዚያን ጥያቄዎች አሁን መለስ ብዬ ሳያቸው የመጋዘን ዘበኛ ለመቅጠር የተዘጋጁ ይመስሉኛል። ተያዥ የሚጠራው ዕቃ ሲጠፋ ነው፤ የሰው ገላ ሲቆስል ተያዥ ተጠርቶ አያውቅም። ሰበታም፣ ሱሉልታም፣ አዲስ አበባ መሀልም ያው ነው። የታመመ ሰው ባለበት ቤት የምንፈራው ለቴሌቪዥኑ ነው።

ከዚህ ልማድ ሥር አንድ እምነት አለ፤ ማስታመም ልብ እንጂ ዕውቀት አይጠይቅም የሚል። ቃላችን ራሱ ይመሰክራል። አስታማሚ ማለት ከታመመው ጋር አብሮ የሚያድር ሰው ነው። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ደግፎ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ መድኃኒት ሊገዛ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚሮጠው፣ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው እሱ ነው። ማንም አላሠለጠነውም፤ ዝምድናው በቂ ነው ተብሏል። በሽተኛው ወደ ቤት ሲመለስ ይኸው አሠራር አብሮት ይመለሳል፤ ልዩነቱ ዘመዱ ሥራ ስለሚውል በእሱ ፋንታ ከኩሽና አንዲት ልጅ መጠራቷ ነው።

ልብማ ያስፈልጋል። ነገር ግን ለመዋጥ የሚቸገር ሰው በጀርባው እንደተጋደመ ሾርባ ሲጎርስ ሾርባው ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል ልብ አይናገርም። ኢንሱሊን ተወግተው ምሳ አልበላም ያሉ እናት ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆነው ሲያንቀላፉ፣ «ደክሟቸው ነው፣ ይተኙ» ብሎ ጋቢ የሚደርብባቸው ያው የሚወዳቸው ልጅ ነው። እንቅልፍ አይደለም፤ የደም ስኳራቸው ወርዶ ነው። በፍቅር የተሸፈኑ ስንት ሰዎች በዚያው ቀርተው ይሆን?

«ባለሙያ አስታማሚ መቅጠር ባህላችን አይደለም» የሚሉም አሉ። እናቱን ለባዕድ አሳልፎ ሰጠ ይባላል፤ ልጅ እያለ ቅጥረኛ ገላዋን አጠባት ይባላል። ጧሪ ቀባሪ የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው፤ ጡረታ የምንለውም ከዚያው ከመጦር የወጣ ነው። ነገር ግን ይህን ባህል በተግባር የሚሸከመው ማን እንደሆነ እንይ። ወንዶቹ ልጆች ብር ያዋጣሉ፣ እሑድ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሥራዋን የምትለቀው ሴቷ ልጅ ናት፤ እሷ ከሌለች ምራቲቱ። ወገቧ እስኪቆረጥ የምታነሣ፣ ሌሊት አራት ጊዜ የምትነቃ፣ ለቅሶ እንኳ የማትደርስ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየች በኋላ አንድ ቀን ድምፅዋን ከፍ ካደረገች ሰፈሩ ይፈርድባታል። ያንን ባህል ብሎ የሚጠራ ሰው ለአንድ ሳምንት ተራውን ይውሰድና እንነጋገር።

ደግሞስ ባዕድ አስታሞ አያውቅም ያለው ማነው? ሰበታ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል መነኮሳይያት ያልወለዷቸውን ልጆች አሳድገዋል። ከቡራዩ አጠገብ ገፈርሳ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን የማገገሚያ ማዕከል አለ። በ1990ዎቹ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት፣ ዘመድ የሸሻቸውን ሕሙማን ቤት ለቤት እየዞሩ ያጠቡና ያጎረሱ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ነበሩ፤ የረዷቸው እድሮችም ነበሩ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቶ በአዲስ አበባ ነርሶቹን ወደ ሕሙማን ቤት ይልካል። መቄዶንያ የመርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ያነሣው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ነው። ይህ ሁሉ ባዕድ ለባዕድ ያደረገው ነው። ባህሉን ነክቶት ከሆነ ያደመቀው እንጂ ያጠፋው አይመስለኝም።

ወደ ሕጉ ስንሄድ ነገሩ ይብሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ይወስናል፤ ቤተሰብ ለራሱ የሚቀጥራትን የቤት ሠራተኛ ግን አይመለከትም። እሷ የቀረችው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾችና በቀጣሪዋ ኅሊና ነው። እንግዲህ ቀን እንጀራ የጋገረችው፣ ማታ ልጆች ያስተኛችው ልጅ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታ በሽተኛ እንድታገላብጥ ስንጠብቅባት፣ የጠየቅነው የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን የሚነግረን የለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 አንዲት ወጣት ወደ ውጭ ለሥራ ስትሄድ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቋን የሚያሳይ ማስረጃና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ጠይቋል። የዓረብ ሽማግሌ ለመጦር የምስክር ወረቀት ተፈለገ። የገዛ እናታችንን ለማገላበጥ የተፈለገው ተያዥ ብቻ ነው።

አሜሪካ ያሉት ልጆቻችንም ከዚህ ትችት አይድኑም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ስንቱ አበሻ በሆም ኬር ሥራ ነው የሚተዳደረው! እዚያ የፌዴራሉ ሕግ ለቤት ለቤት የጤና ረዳቶች ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያዛል፤ ከዚያ ውስጥ 16ቱ በባለሙያ ፊት በተግባር የሚታዩ ናቸው። ያን ሁሉ ተምሮ የሰው አገር አያት በጥንቃቄ የሚያነሣው ልጅ ሱሉልታ ለተኙት እናቱ ሰው ሲያስፈልግ ደውሎ የሚለው ምንድን ነው? «ታማኝ ልጅ ፈልጉልኝ።» ከዚያ በቪዲዮ ይደውላል። እናት ነጠላቸው ተለውጦ፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ በትራስ ተደግፈው ይታዩታል፤ እሱም ደስ ይለዋል። ስልኩ ጀርባቸውን አያሳይም። እንግዲህ የሥራ ልምድህን ተጠቀምበት፤ «እስቲ በጎን አዙሯቸውና ተረከዛቸውን አሳዩኝ» በል።

አሁን አሁን ነርስና ተንከባካቢ እንልካለን የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ከደላላው ይሻላሉ ብሎ መነሣት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እዚያም የምንጠይቀው ዋጋ ብቻ ከሆነ ደላላው ነጭ ጋዋን ለብሶ መጣ ማለት ነው። የሚላከው ሰው ነርስ ነው ወይስ ጥቂት ቀን ሠልጥኖ የመጣ? ነርስ ከሆነ የሙያ ፈቃዱን ያሳይ፤ መታወቂያ ከማሳየት አይከብድም። የድርጅት ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ በየክልሉ ነው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ያሉ የኦሮሚያ አካባቢዎች ናቸው። እና አዲስ አበባ ቢሮ የከፈተው ድርጅት እዚህ ለመሥራት ፈቃዱ ከማን ነው? ሠራተኛዋን የቀጠራት እሱ ነው ወይስ አገናኝቶን ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል? የሽንት ቱቦ መለወጥ፣ መርፌ መውጋት የማን ሥራ ነው? ሌሊት ነገር ሲበላሽ ማን ስልክ ያነሣል? አንዱንም ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

የከተሞቹ ዳርነት የራሱ ጥያቄ አለው። መሬቱ ረክሶ፣ ቤቱ ሰፍቶ ነው ብዙዎቻችን ወደዚህ የወጣነው፤ ግቢው ሲሰፋ ወላጆቻችንን ከገጠር አመጣን። ነርሷ ግን ሥራዋን የምትጨርሰው መሀል ከተማ ነው። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አየር ጤና የሰበታን ታክሲ፣ አስኮ የቡራዩን፣ አዲሱ ገበያ የሱሉልታን ሰልፍ ያየ ሰው፣ ተመላላሽ ባለሙያ በአራተኛው ቀን ለምን እንደምትቀር አይጠፋውም። የመጓጓዣዋን ነገር ከደመወዙ ጋር አብሮ ያላነሣ ቤተሰብ በኋላ «አጭበረበረችን» ይላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአየር ፍራሽ ወይም የኦክስጅን ማሽን ከመከራየታችን በፊት መብራት ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ እናስብ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቀን ሦስቴ የሚታጠብ ሰው ስንት ጀሪካን እንደሚፈጅ እንቁጠር። ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ባለው ብርድ፣ ሽማግሌ በጠዋት ገላ አይታጠብም፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ይጠበቃል። ድርጅቱ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ እኛ ግን እናውቃለን።

«አገሯ የት ነው?» የምትለዋን ጥያቄም ላንሣት። የምንጠይቀው ለጥርጣሬ ነው፤ የትኛው አገር ሰው ታማኝ፣ የትኛው ቁጡ ነው እያልን። ያው ጥያቄ ግን ቀና ብሎ ቢጠየቅ ትልቅ ጥቅም አለው። በዕድሜም በሕመምም የተነሣ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ከአንደበታቸው እየራቀ በእናታቸው ቋንቋ ብቻ የሚያወሩ አረጋውያን አሉ። ሱሉልታ ያሉ አንዲት እናት «ነ ዹኩበ» ሲሉ፣ አስታማሚዋ ኦሮምኛ ካልሰማች፣ ያመኛል ማለታቸው መሆኑን በምን ታውቃለች? «ቀባጠሩ» ትላለች። ስለዚህ ጥያቄው የትውልድ ቦታዋ መሆኑ ቀርቶ «በምን ቋንቋ ትግባባቸዋለች?» ይሁን።

ያቺ የቡራዩዋ ቀን ትዝ በምትለኝ ቁጥር የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። እናትየውን ማንም አልጠየቃቸውም። ጆሯቸው ይሰማል፣ አእምሯቸው ደህና ነበር፤ ምላሳቸው ብቻ ነው የተያያዘው። ገላቸውን ማን እንዲያጥባቸው እንደሚፈልጉ፣ ሽንታቸውን በማን ፊት እንደሚያፍሩ፣ የፆም ቀን ምን እንደሚበሉ፣ ራስ በመነቅነቅ እንኳ ሊመልሱ ይችሉ ነበር። ስለ እሳቸው በመጋረጃ ማዶ ስንማከር እየሰሙን ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የነርስ ክፍያ ለብዙ ቤት አይቻልም፤ ይህን ክዶ መጻፍ ቧልት ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ነርስ አያስፈልግም። በየከተማው ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ሲጀመር የተመደቡት ነርሶች ናቸው። አንዷን ወደ ቤት ጠርቶ ለዘመድም ለሠራተኛም እንዴት እንደሚገላበጥ፣ እንዴት ቀና ተደርጎ እንደሚጎረስ ማስተማር ነጭ ሽንኩርት ከመላጥ የረዘመ ጊዜ አይወስድም። የዘመዴን እናት ጀርባ በትራስ እየደገፈች ቁስሉ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየችን እንዲህ ያለች ሴት ናት። ቁስሉ ለመድረቅ አምስት ወር ፈጀ፤ ያገላበጠቻቸውም ያቺው «ታውቂያለሽ ወይ» ተብላ ያልተጠየቀችው ልጅ ናት፤ አሁን አውቃለች።

እድሮቻችን ደግሞ አሉ። በየወሩ ስንከፍል የኖርነው ለሬሳ ነው፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ። ሰውዬው ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲበሰብስ እድሩ አያውቀውም፤ በሞተ በሰዓቱ ጥሩምባ ይነፋል። አርባ ሃምሳ አባወራ አዋጥቶ አንዲት ነርስ በሳምንት ሁለቴ ሰፈሩን እንድትዞር ማድረግ ድንኳን ከመግዛት የሚከብድ አይመስለኝም። የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታ ሰው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የወንበሩ ሒሳብ ከመነበቡ በፊት እጅ አውጡና ጸሐፊውን ይህችን አስመዝግቡት፦ በሰፈራችን አልጋ ላይ የዋለ ስንት ሰው አለ?