የአሮጌ መኪና ዋጋው በብረቱ ነው ወይስ በታሪኩ?

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሊብሬውን ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ካልገጠመ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ጥሎ መሄድ ነው የሚሻለው። ይኸው ተራ ጥያቄ በአሮጌ የውድድር መኪኖች ገበያ የብዙ ሚሊዮኖች ጥያቄ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ውስጥ አንድ የ1954 መርሴዲስ የውድድር መኪና ከ51 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በ1955 ቦነስ አይረስ ላይ ያሸነፈበት፣ ስተርሊንግ ሞስ ደግሞ በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ የነዳው ነው። ዋጋውን የሰቀለው ግን የሾፌሮቹ ስም ብቻ አይደለም። ፋብሪካው በ1965 ለኢንዲያናፖሊስ የውድድር ሙዚየም ሰጠው፤ ሙዚየሙም እስኪሸጠው ድረስ ይዞት ቆየ። ማን ነበረው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል።

እንዲህ ዓይነት ንጹሕ ታሪክ ያለው መኪና ግን ጥቂት ነው። በዘመኑ እነዚህ መኪኖች ቅርስ አልነበሩም፤ የሥራ ዕቃ ነበሩ። ሞተር ሲነድ ከሌላው ተነቅሎ ይገጠማል። ሻንሲ ሲጣመም ይቀየራል። ቡድኖች ድንበር ለመሻገር ወረቀቱ የተሟላለትን መኪና ቁጥር ወደ ሌላው የሚያዛውሩበት ጊዜም ነበር። የተጋጨ መኪና ሻንሲው አንዱ ጋ፣ ሞተሩ ሌላው ጋ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ሁለቱም በእጃቸው ባለው ላይ የጎደለውን ሠርተው ሲጨርሱ፣ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት መኪኖች ብቅ ይላሉ። ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?

ይህ ጥያቄ በ1990 ለንደን ላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። መኪናው «ኦልድ ነምበር ዋን» የሚባለው ቤንትሌይ ነበር። የኩባንያው ሊቀመንበር ዎልፍ ባርናቶ በ1929 እና በ1930 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው በዚሁ ነው። በ1932 ግን ብሩክላንድስ ላይ ከመም ወጥቶ ሾፌሩ ክላይቭ ደንፊ ሞተ። ከዚያ በኋላ ባርናቶ በሌላ ቦዲ እንደገና አሠራው። በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛው የተዋዋለው ኩባንያ ኋላ ላይ «ይሄ ለ ማንን ያሸነፈው መኪና አይደለም» ብሎ ከውሉ ወጣ።

እውነትም ከ1929ኙ ብረት የቀረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዳኛው ግን ለሻጩ ፈረዱ። መኪናው በአንድ ቀን ፈርሶ በሌላ አልተተካም፤ እየተጠገነና እየተለወጠ፣ ሳይቋረጥ የመጣ ያው መኪና ነው አሉ። ተቀናቃኝ ሆኖ «እኔ ነኝ» የሚል ሌላ መኪናም አልነበረም።

የዚህ ፍርድ ትርጉም ቀላል አይደለም። የሚሸጠው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ያልተቋረጠው ታሪክ ነው ማለት ነው። ታሪክ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ታሪክን መፈብረክም ያዋጣል። አሮጌ ብረት አስመስሎ መሥራት ለጎበዝ ባለሙያ አይከብድም፤ ቁጥር መምታትማ ከዚያም ይቀላል። አስቸጋሪው ሰባ ዓመት ሙሉ በተለያየ ሰው እጅ የተጻፉ ወረቀቶችን እርስ በርስ ማስማማት ነው።

ለዚህ ነው አጣሪዎች ከመኪናው በፊት መዝገብ የሚያገላብጡት። የፋብሪካ መዝገብ፣ የውድድር ተሳታፊዎች ዝርዝር፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የድሮ መጽሔት ፎቶ። ፎቶ ላይ የምትታይ አንዲት የብየዳ ጠባሳ ወይም ያለቦታዋ የገባች ብሎን ከሻጩ ንግግር በላይ ትመሰክራለች። ዋናው ምርመራ ግን ክፍተቱ ላይ ነው። መኪናው ለአሥር ዓመት የት እንደነበር ካልታወቀ፣ ከዚያ ጎተራ የወጣው የገባው ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚህ ገበያ ላይ ግን ባለቤቱ ሲሞት፣ መካኒኩ ሲያረጅ፣ ወረቀቱ ሲጣል እያደር የሚደፈርሰው ይበዛል። ስለዚህ ትልቁን ውለታ የሚውለው መኪናውን የሚያብረቀርቀው ሰው አይደለም። ደረሰኙን ሳይጥል ያስቀመጠው፣ «ሞተሩን በዚህ ቀን ቀየርኩ» ብሎ በሐቀኝነት የጻፈው ነው። የተቀየረን ዕቃ መደበቅ ዋጋ የሚያስጠብቅ ይመስላል፤ የኦልድ ነምበር ዋን ፍርድ የሚያሳየው ግን ለውጡ የታወቀለት መኪና ለውጡ ቢበዛም ስሙን እንደማያጣ ነው።