ሰዓቱን የሚከፍለው ማነው?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን ሦስት ዛፍ የሚወጡ ሰዎች አውቃለሁ። ቀን ሥራ ይውላሉ፤ ማታ ልጅ አብልተው ያስተኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ከፍተው፣ እሱ ከሌለም በስልካቸው፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት ይከታተላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ከየአቅጣጫው የሚወርድላቸው ምክር አንድ ነው፦ «ጊዜህን አብቃቃ፤ ሥራን፣ ትምህርትንና ቤትን አመጣጥን!»

ይህ «ማመጣጠን» የሚሉት ቃል ነው የሚያንገሸግሸኝ። ለመሆኑ ምኑ ነው የሚመጣጠነው? እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 7 ሰዓት እንተኛ ካልን 49 ይሄዳል፤ 71 ይቀራል። ከዚህ ላይ የታክሲ ሰልፍ፣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ልጅ ማስጠናት፣ ለቅሶ መድረስና የታመመ መጠየቅ ሲነሣ ለደብተር የሚተርፈው የእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ነው። ጊዜ ከአንዱ ተነጥቆ ለሌላው ይሰጣል እንጂ አይመጣጠንም። ጥያቄው «ከማን ተነጥቆ?» የሚለው ነው።

እኛ ሰፈር ባልና ሚስት በአንድ ኮሌጅ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራሉ። ሁለቱም ተቀጣሪዎች ናቸው። እሱ ሲያጠና በር ይዘጋል፤ ቡና ይገባለታል፤ ልጆቹም «ዝም በሉ፣ አባባ እያጠና ነው» ይባላሉ። እሷ ስታጠና ግን ልጅ ጭኗ ላይ፣ ወጥ እሳት ላይ ነው። ደብተሯን በሰላም የምትገልጠው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ውጤቷ ዝቅ ሲል «ጊዜዋን መጠቀም አታውቅበትም» ይባልላታል። እኔ የምለው ግን የእሱ ውጤት ግማሹ የእሷ ነው።

ኮሌጁስ? «በተመቻችሁ ሰዓት ተማሩ» ብሎ ያስተዋውቅና ክፍያውን ከተቀበለ በኋላ የቤት ሥራው እስከ እኩለ ሌሊት ካልገባ ዜሮ ይሰጣል። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ ቢሉት ሰበብ ነው ይላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት እንደቆየ የረሳ ይመስላል።

አሠሪውም ከዚህ አይሻልም። ዲግሪ ለሌለው ዕድገት የለም ይላል፤ ለፈተና ግማሽ ቀን ሲጠየቅ ፊቱን ያጠቁራል። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የትምህርት ፈቃድን ነገር ለኅብረት ስምምነትና ለሥራ ደንብ ትቶታል። ሠራተኛ ማኅበር በሌለበት መሥሪያ ቤት ታዲያ ፈቃዱ የአለቃ ችሮታ ሆኖ ይቀራል።

«ማን አስገደዳቸው? ወደው ነው የገቡት» የሚሉ አሉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች ያንብቡ፤ ማን እንዳስገደዳቸው ያገኙታል።

ስለዚህ ምክሩን ትተን ዕዳውን እንከፋፈል። ኮሌጁ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ጽሑፍ ያዘጋጅ፤ ለፈተናም አንድ ሌሊት ሳይሆን የቀናት ጊዜ ይስጥ። የሠራተኛ ማኅበራት የፈተና ፈቃድን በስምምነታቸው ያስጽፉ። ባልም ሚስቱ ስታጠና በሩን ይዝጋላት፤ ወጡን እሱ ያማስል፤ ልጁንም እሱ ያስተኛ። ይህን ማድረግ ያልፈቀደ ሁሉ «ጊዜሽን አብቃቂ» ለማለት አፉን ባይከፍት ይሻለዋል።