ለመብራቱ ወይስ ለማቀዝቀዣው?

የኮምፒዩተር ገበያው አንድ የቆየ ልማድ አለው። ገዢው ስለ ፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ስለ ራሙና ስለ ግራፊክስ ካርዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክሮ ዋጋ ከቆረጠ በኋላ ማቀዝቀዣውን በመጨረሻ እንደ ምርቃት ይቀበለዋል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ወይ ርካሹን ትንሽ ፋን ይገጥምለታል፣ ወይ ደግሞ ቀለም የሚለዋውጥ መብራት ያለበትን የውሃ ማቀዝቀዣ አሳይቶ ሒሳቡን ከፍ ያደርጋል። በሁለቱም መንገድ የሚከስረው ገዢው ሲሆን ኪሳራው ግን ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ሲግል አይቃጠልም፤ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ደግሞ እስከ 95 ዲግሪ ይታገሡና ከዚያ በላይ እንዳይግሉ ፍጥነታቸውን ይቆርጣሉ። ማሽኑ አይጠፋም፣ ማስጠንቀቂያም አያሰማም። በመሆኑም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት ወይም የአርክቴክት ቢሮ ባለቤት ለፈጣን ፕሮሰሰር ከፍሎ የመካከለኛውን ሥራ እየተቀበለ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። አንድ ኩንታል ከፍሎ 80 ኪሎ እንደመረከብ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ሚዛን የሚያወጣ ሰው አለመኖሩ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው ምን ያህል እንደከበደ ለነጋዴ አይነገረውም። በዚህ ዋጋ የተገዛ ፕሮሰሰር በማይመጥነው ፋን ታንቆ መዋሉ ያስቆጫል።

“አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ትልቅ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?” የሚል ክርክር ከብዙ ሻጮች ይሰማል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። የክፍሉ ሙቀት ዝቅተኛ መሆኑ ይጠቅማል። ዳሩ ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ በዚያ መጠን ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር አነስተኛ ነው ማለት ነው። የሰርቨር አምራቾች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ብዙዎቹ በመመሪያቸው ላይ ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ታጣለች። ድሬዳዋ ደግሞ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ወፈር ይላል፤ ክፍሉ ግን ሞቃት ነው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ በሁለቱም ከተሞች ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ማቀዝቀዣ መግዛት ብልህነት ነው።

ምርጫው መጀመር ያለበት ከዋት ነው። ኮር አይ5-12400 በመደበኛ 65፣ ሲጨናነቅ ደግሞ እስከ 117 ዋት ይወስዳል። ለሒሳብ ሥራና ለጽሕፈት የሚውል ከሆነ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ፋን ይበቃዋል፤ ተጨማሪ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ከላይ የተጠቀሰው 14900ኬ ግን ከ125 ተነሥቶ እስከ 253 ዋት ይደርሳል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ “ኬ” የሚል ምልክት ያላቸውን ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ያለ ፋን የሚሸጠውም ያለ ነገር አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ፕሮሰሰር የ65 ዋቱን ፋን ገጥሞ ማስረከብ ገዢውን መበደል ነው።

በሁለቱ መካከል ላለው ሰፊ ገበያ የሚበጀው ባለ ሁለት ማማው የአየር ማቀዝቀዣ ነው። የመዳብ ቱቦዎች ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ አሉሚኒየም ክንፎቹ ያወጡታል፣ ፋኑ ያባርረዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። እንደ ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ያሉት በውጭ ገበያ በ40 ዶላር ገደማ ሲሸጡ ቆይተዋል። የሚበላሸው ፋኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንኛውም ጥገና ቤት በሌላ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ይተካዋል።

የውሃው ማቀዝቀዣ ደጋፊዎች ውሃ ከአየር ይበልጣል ይላሉ። ሆኖም ውሃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ራዲያተሩ ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋውም፤ በመጨረሻ ሙቀቱን የሚረከበው ያው የሳሳ አየር ነው። ጥቅሙ የራዲያተሩ ስፋት ነው። ቀኑን ሙሉ 250 ዋት ለሚሠራ ማሽን ባለ 360 ሚሊ ሜትሩ ራዲያተር ዋጋውን ያወጣል። ነገር ግን ፓምፑ ያረጃል፣ ፈሳሹም በቱቦው ግድግዳ በኩል በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይተናል። አብዛኞቹም የታሸጉ በመሆናቸው እንደገና አይሞሉም። ፓምፑ የቆመ ዕለት የሚጣለው ዕቃው በሙሉ ነው። የውጭው ዋስትና አምስት ዓመት ቢልም እዚህ ተቀብሎ የሚለውጥ ወኪል ከሌለ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። መብራቱ፣ ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ አንድ ዲግሪ እንኳ አይቀንስም።

አስመጪዎችም የራሳቸው ስጋት አለባቸው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2021 ኤልጂኤ 1700 የተባለውን የፕሮሰሰር መቀመጫ ሲያወጣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀት ከ75 ወደ 78 ሚሊ ሜትር ተለወጠ። በ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት የቆየው ማቀዝቀዣ ሁሉ ያለ አዲስ ማሰሪያ ብረት የማይገጠም ሆነ። በአንጻሩ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ኤኤም5 ሲሸጋገር የቀድሞውን የኤኤም4 ርቀት አልነካም። ርካሽ የቆየ ክምችት የቀረበለት ነጋዴ ከዋጋው በፊት ማሰሪያው በካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ይይ። ገዢውም ኬዙን ይለካ፤ ማማዎቹ 155 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቁመት ስላላቸው ቀጫጭኖቹ የቢሮ ኬዞች አይዘጉባቸውም።

የግራፊክስ ካርድን ማቀዝቀዣ መቀየር ግን በአብዛኛው አያዋጣም። ካርዱ ከነፋኖቹ ተሠርቶ ይመጣል፣ መፍታቱም ዋስትናውን ሊያሳጣ ይችላል። የጋለ አሮጌ ካርድ አቧራው ተጠርጎ የደረቀው ቴርማል ፔስት ቢታደስለት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ከሁሉ በላይ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ ያለበት የግማሽ ሰዓት ሙከራ ነው። ሲኒቤንች የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ኬዙ ተዘግቶ ፕሮግራሙ ያለማቋረጥ ይሩጥና በመጀመሪያው ደቂቃና በሠላሳኛው ደቂቃ የፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ሙቀት ይመዝገብ። ፍጥነቱ በግልጽ ከወረደና ሙቀቱ ጣሪያውን ከነካ፣ የዋጋው ድርድር ከማቀዝቀዣው እንደገና ይጀመር።